የማን ገጽ ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ይድረስ ለማሙሽ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። በየመልእክትህ መጨረሻ ላይ ስለምትጠይቅ በየመልሴ መጀመሪያ ላይ ደህና ናት እላለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?

ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው፣ ስልክ ሳነሳ እማዬ ቴሌቪዥኑን ቀንሳ አጠገቤ ትቀመጣለች። «ምን አለ?» «ምን ብለሽ መለስሽለት?» «ስለ እኔ ነው የምታወሩት?» ከእሷ ጋር እየተሟገትኩ ካንተ ጋር ማውራት ስላልቻልኩ ነው የምጽፍልህ። ስፌት ክፍሉ ውስጥ፣ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን አስቀምጬ ስጽፍ ሥራ የያዝኩ ይመስላታል። ሥራውም ቢሆን ሞልቷል። የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀብዬ ኮሌታ በሕልሜ ሁሉ እየመጣብኝ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ያንተው ሙያ ስለሆነ። የአንድ ሰው ፊት በአንድ ወገን ወረድ ቢል፣ አፉ ወደ ጎን ቢሄድ፣ ምላሱ ቢኮላተፍና የያዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሁሉም ነገር ቢመለስለት፣ ምን ሆኖ ነው? እኛ ነፋስ መታው ነው የምንለው። አንተ የምትጽፍበት የጤና ድረ ገጽ ላይ ፈልጌ ነበር። «የፊት መጣመም ምንድን ነው? ብዙ ሰዎች ስለ ፊት መጣመም ሲያስቡ የፊት መጣመም ምልክቶችን…» ይላል። የእኔም ፊት ሊጣመም ምንም አልቀረውም። ቀጥሎ የጥንት ሐኪሞች ስለ ፊት መጣመም ምን ይሉ እንደነበር፣ ቀጥሎ የትራስ ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ የማሻሻ ዘይት ማስታወቂያ። መልሱ ጋ ሳልደርስ እማዬ ጠራችኝ። የጻፍከው አንተ ከሆንክ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ ሌላ ሰው ከሆነ ልብ ይስጠው።

የምጠይቅህ ለሰው ነው። አታስብ።

እህትህ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

እትዬ፣

እጅሽን ልሳመው! «ነፋስ መታው»! እኔ የማልረባ፣ እንዴት እስከ ዛሬ ትዝ አላለኝም? ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበን ሰው ፊቱ ሲወርድ ኢንተርኔት ላይ ምን ብሎ ይፈልጋል እያልን ስንጨቃጨቅ ነው የሰነበትነው። አንዱ «የፊት መጣመም» ይላል፣ አንዷ «ስትሮክ» ትላለች። የደነገጠ ሰው በቤቱ ቋንቋ ነው የሚጽፈው፣ አንቺም ያንኑ ቃል ሰጠሽኝ። ደብዳቤሽን ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የሙያ ክፍያ ይገባታል ብለዋል።

ያን ገጽ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው የጻፈው፤ እርግማንሽን አስተላልፍለታለሁ። መልሱ ከታች የተቀበረው ግን ሆን ተብሎ ነው። አለቃችንን «አንደኛ» ነው የምንለው። ጠዋት ሲገባ ከእግዜር ሰላምታ በፊት «አንደኛ ነን?» ይላል፤ ሰው ሲፈልግ የፍለጋ ሞተሩ የእኛን ገጽ ከላይ ያመጣዋል ወይ ማለቱ ነው። ሰውየው ወደ ታች ሲወርድ ማስታወቂያውን ያያል፣ ብዙ ሲቆይ ሞተሩ ይወደናል ባይ ነው። እኔ ደግሞ እናቱ ወይ ሚስቱ ፊቷ ወርዶ አጠገቡ ቆማ ታሪክ የሚያነብ ሰው የለም እለዋለሁ። አፌ እስኪደርቅ ተከራክሬ ፈቀደልኝ። ገጹን እንደ አዲስ እየጻፍኩት ነው፣ ዓርብ ይወጣል።

የጠየቅሽኝ ሁሉ እዚያ ላይ በደንብ ተብራርቶ ይጠብቅሻል። የመጀመሪያዋ አንባቢ አንቺ ነሽ። እስከዚያው ሰው ሌላ የሚላቸው ቃላት ካሉ ላኪልኝ። ስለ እጅ ለምሳሌ ምን ይላሉ? ደነዘዘኝ? ዛለብኝ? እባክሽ ጆሮሽን ጣል አድርጊልኝ።

እማዬን ሳሚልኝ። በኮሌታውም በርቺ።

ማሙሽ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ማሙሽ፣

እጄን መሳምህን ወድጄዋለሁ፤ ጥያቄዬ ግን እንደተንጠለጠለ ነው። ሞተሩ ይወደናል ትላለህ። የእኔ ሞተር ቢያንስ ልብስ ይሰፋል፤ ያንተው ሰው ከሐኪም የሚያዘገይ ከሆነ ምን ሊሆናችሁ ነው?

ስለ እጅ ምን ይላሉ ላልከው፣ ትናንት አንድ ሰው ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ሲበተን «እጄ ተኝቶብኝ ነው» አለች። መዝግበው። ስብርባሪውን ስጠርግ ደግሞ «አጠራረግሽም አያምርም» ተባልኩ።

አሁን ስማኝ። ርዕስ አልፈልግም፣ ገጽም አልፈልግም፣ ዓርብንም መጠበቅ አልፈልግም። ያ ሰው ተመልሶለታል። ይስቃል፣ ይበላል፣ እኔን ይቆጣል። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው «ምን ሆኜ?» ይለኛል። ለማንም እንዳትተነፍሺ ብሎ አስምሎኛል፣ መሐላ እንደምፈራ ታውቃለህ። እኔ ብናገር የልብስ ሰፊ ወሬ ነው የሚሆነው። አንተ ግን ከሐኪም ጋር ነው የምትውለው፣ ቃልህ ይሰማል። አሳይቼ አፍ የማስይዝበት ነገር ስጠኝ። መሄድ አለበት ወይስ የለበትም? አዎ ወይ አይ በለኝና ይውጣልኝ።

እህትህ

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፣ ጠዋት

እትዬ፣

ወጣ! ማመን አቅቶኛል፣ ገጹ ወጣ። ከላይ በትልቁ «ነፋስ መታው? ፊቱ ወረደ? አፉ ተኮላተፈ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት መስመር ብቻ። የመጀመሪያው «ይህን ማንበብ አቁሙና አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት» ይላል። ሁለተኛው «ቢመለስለትም ውሰዱት፤ የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ለሐኪሙ ንገሩ»። ሐኪማችን አይታ አጽድቃዋለች። ሌላው ማብራሪያ ሁሉ ከዚያ በታች ነው፣ ጊዜ ላለው ሰው።

አንደኛ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ሰው ይገባል፣ ወዲያው ይወጣል። ሌላው ይገባል፣ ይወጣል። «ሰው እየሸሸን ነው!» ብሎ ጮኸ። «እየሸሸ አይደለም፣ እየሮጠ ነው» አልኩት። አልሳቀም። በድሮው ገጽ ላይ ሰው ረጅም ጊዜ ይቆይ ነበር፣ በዚህኛው ማንም አይቆይም፣ ሞተሩ ወደ ታች ይጥለናል አለ። «ለአንባቢ ብለህ አንባቢ የማያገኘው ገጽ ጻፍክልኝ» አለኝ። ይቺ እውነት አላት፣ አንጀቴን ያሳረረኝም እሷው ናት። የጣለን እንደሆነ ሰዉ የሚያገኘው የዘይት ሻጮቹን ገጽ ነው። ሰኞ ድረስ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ ከወረድን የድሮው ይመለሳል።

ለጥያቄሽ፦ አዎ፣ መሄድ አለበት። ቢመለስለትም ማስጠንቀቂያ ነው። እምቢ ካለ ገጹን አሳዪው።

ማሙሽ

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፣ ከሰዓት

እትዬ፣

«እጄ ተኝቶብኝ ነው» የምትለዋን ልቀዳ ደብዳቤሽን ደግሜ ከፈትኩት። «ከእጇ» ብለሻል። «አለች» ብለሻል። ወረድ ብሎ ደግሞ «ያ ሰው» ሆኗል። አጠራረግሽ አያምርም የሚልሽ፣ አስምሎ ዝም የሚያሰኝሽ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

እማዬ ናት?

ስልክሽን አንሺ። እሷ ብትሰማም ትስማ። መሐላውን በእኔ ላይ አድርጊው። ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ ብትቆጣም፣ ብትረግምሽም፣ እየጎተትሽም ቢሆን። ስልክሽን አንሺ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

እትዬ፣

ትናንት ይጠራ ነበር፣ ዛሬ ዝግ ነው። የእማዬም አይነሳም። የጎረቤታችንን የታክሲ ነጂውን ቁጥር ብፈልግ የለኝም፤ ስንት ዓመት ሙሉ በመኪናው ሲያመላልሰኝ ቁጥርህን ስጠኝ አላልኩትም። ያንቺን ደብዳቤዎች ስንቴ እንዳነበብኳቸው አልነግርሽም። ሰኞ የጻፍሽው ላይ «አታስብ» ብለሻል። እኔም ታዘዝኩሽ፣ አላሰብኩም!

ምንም ይሁን ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ማሙሽ፣

እማዬ አለች። መጀመሪያ ይህን አንብብና ተንፍስ።

የምጽፍልህ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ እያንኮራፉ ነው፣ አግዳሚ ወንበሩም ይንገዳገዳል። ስልኬ በግርግሩ ባትሪው አልቆ ቦርሳዬ ውስጥ ሞቶ ነበር፤ መልእክቶችህን ያየኋቸው ዛሬ ጠዋት ነው። ዓርብ ጠዋት የጻፍካትን «አዎ»ም ዛሬ ነው ያየኋት። ደረሰች አልልህም።

ዓርብ የቀትር ዜና ሲጀምር ነው። ከሳሎን የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ሌላውን ስትመጣ እነግርሃለሁ፣ አሁን ልጽፈው አልችልም። ብቻ በዚህ ጊዜ አልተመለሰላትም። ልትቆጣኝ ፈልጋ አፏ አልታዘዛትም፤ እኔን ያስደነገጠኝ ከሁሉ በላይ እሱ ነው። ስልኬን አንስቼ «እናቴን ነፋስ መታት ምን ላድርግ» ብዬ ጻፍኩ። ያንተ ገጽ ወጣ። አንደኛ ይሁን አምስተኛ አላየሁም። ሁለቱን መስመር አነበብኩ፣ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ታክሲ ነጂውን በመስኮት ጠራሁት። ከምሳው ላይ ነው የተነሳው፣ በባዶ እግሩ ነው የነዳው።

ዶክተሩ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር «መቼ ጀመራት?» ነው። «የቀትር ዜና ሲጀምር» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «በጊዜ ደርሳችኋል» አለ። የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት ሰጧት። ቀኝ እጇ ገና ነው። የምትናገረው አይሰማም፣ «እ» እና «አ» ብቻ ነው። እግሯን ግን ታነሳለች፣ ሰው ታውቃለች። ነርሷ አንሶላዋን ስታስተካክል እማዬ በዓይኗ ስትገላምጣት አየሁ፤ እፎይ አልኩ።

አሁን ልቆጣህ ነው፤ ችለኸኝ አንብብ። የሰው ፊት ወረደ ብዬ ስጽፍልህ እጅሽን ልሳም አልከኝ። ብርጭቆ ወደቀ ስልህ መዝግበህ አስቀመጥክ። አንተ ገጽ ትጽፋለህ፣ እኔ የእናቴን ገጽ እያየሁ ነበር። «የማን ገጽ ነው?» ብለህ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር። መሐላዬን ለማፍረስ አንድ ጠያቂ ብቻ ነበር የምፈልገው። እሷን ጎትቼ ያልወሰድኳት እኔ ነኝ፣ የራሴን ላንተ አላሸክምህም። ያንተን ግን ተሸከም።

ገጽህን አልረግመውም። ያን ዕለት ስልኬ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ የሰማኝ እሱ ነው። ከሁለተኛው መስመር በታች ምን እንደሚል ዛሬም አላውቅም።

ዶክተሩ አዋሯት፣ ድምፅ ትስማ ብሏል። የእኔን ድምፅ ሰልችታዋለች። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?

እህትህ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ውድ እትዬ፣ ውድ እማዬም (እባክሽ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ ከእኔ አፍ እንደወጣ ይሁን)፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ትናንት ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ «እማዬ አለች» የምትለዋን አንብቤ ሰው ፊት አለቀስኩ። አንደኛ ውኃ አመጣልኝ። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ፣ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሁሉንም በቅደም ተከተል ላስረዳሽ። እንዳልኩሽ ገጹ ወርዷል። የፍለጋው ሁለተኛ ገጽ ላይ ደርሰናል፣ እዚያ ደግሞ ማንም አይደርስም። አንደኛ የድሮውን መለሰው። እኔ ሁለቱን መስመር አምጥቼ ከላይ ለጠፍኩ። አነሳው። ለጠፍኩ። አነሳው። ከዚያ ስለ እማዬ ነገርኩት፣ የታክሲ ነጂውን፣ የቀትር ዜናውን፣ ሁሉንም። ሰምቶኝ ሲያበቃ «እሺ፣ ሁለቱ መስመር ከላይ ይሁን፣ ቀሪው የድሮው ይሁን» አለ። ማስታወቂያዎቹንም ወደ ታች አወረዳቸው። ግማሽ ነው፣ አውቃለሁ። ለግማሹ ግን አንጀቴ ነው ያለቀው፤ ነገ ሰው ሳያየው መልሶ እንዳያነሳት ብዬ ከጠረጴዛዬ መነሳት ፈርቻለሁ። ሌሎችም ገጾች አሉ እኮ፣ የሕፃናት ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ ሁሉም መልሱን ከሥር ቀብረው የተቀመጡ። አሁን ትቼ ብሄድ ማን ይይዛቸዋል? ሐኪማችን ትደግፈኛለች፣ ግን ለእሷ ይህ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው።

ስለ እኔ የጻፍሽው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ቃል አልመልስም። የሰውን ሁሉ ጥያቄ ስመልስ እውላለሁ ብዬ ስኩራራ፣ የእህቴን ጥያቄ እንደ ፍለጋ ቃል ቆጠርኩት። አፍሬያለሁ። እማዬ፣ አንቺም ብትሆኚ ዝም አሰኝተሻታል፣ ግን ይህን አሁን የማነሳው ልቆጣሽ አይደለም። ድሮም እኔ ስርቅሽ ሕመምሽን የምትደብቂው እንዳልጨነቅ ነው፤ እኔም ተደብቆልኝ ደስ ብሎኝ ስኖር ነበር፣ ይሄ ነው እውነቱ።

መምጣትን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሳቤ መምጣት ነው። ይህን ሳምንት ገጾቹን አንድ መልክ ካስያዝኳቸው፣ አንደኛም ፈቃድ ካልነፈገኝ፣ ከተቻለ በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ ካልሆነም ከዚያ በኋላ ባለው… አንቺ ደግሞ ሁኔታውን አይተሽ አሁን ና ካልሺኝ፣ ወይም ትንሽ ትረፍ ካልሽ፣ ዶክተሩም የሚለውን ጠይቀሽ ብትጽፊልኝ፣ እኔም በዚያው መሠረት…

ይቅርታ አድርጉልኝ። ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ። በመጨረሻም ማለት የምፈልገው ነገር ቢኖር፣

(እማዬ ከደከማት እዚህ ላይ አቁሚና ቀሪውን ነገ አንብቢላት። ከዚህ በታች አራት ገጽ አለ።)

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ማሙሽ፣

ዛሬ ጠዋት ነርሷ ትራሷን ከፍ አድርጋ ካስደገፈቻት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ እንዳልከው፣ ያንተን ድምፅ እያስመሰልኩ። ስለ አንደኛ ሳነብ በግማሽ አፏ ሳቀች። ታክሲ ነጂው ጋ ስደርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሕመምሽን የምትደብቂው» የሚለው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ «መምጣትን በተመለከተ» ጋ ደረስኩ። ፊቷን መለሰችልኝ። «ከተቻለ» አልኩ፣ «ካልሆነም» አልኩ፣ «ዶክተሩም የሚለውን» አልኩ።

ግራ እጇን አንስታ የማነብበት ስልክ ላይ ጫነችው። ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ውኃ የጠማት መስሎኝ ብርጭቆውን ሳነሳ፣ አይደለም ስትል ራሷን ወዘወዘች። ደግማ ሞከረች። ከወደቀች ጀምሮ የመጀመሪያው ቃሏ ነው፣ ጥርት ብሎ ነው የወጣው፣ ነርሷ እንኳ ዞር አለች።

«አሳጥሪው» አለችኝ።

አሳጠርኩላት። «ይመጣል» አልኳት።

እንዳታስዋሸኝ።

እህትህ